ጣሪያ የሚያይ ሰው

መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ጣሪያውን ነው።

የአክስቴ መጋረጃ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያችንን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። እኔ ማሽኔ ላይ አጎንብሼ ነበር። የሚያፈስ ነገር ያየ መስሎኝ አብሬው ቀና አልኩ። ምንም የለም። አክስቴ መቀሷን አስቀመጠችና «ምን ጠፍቶብዎት ነው ጌታዬ?» አለችው። ያን ጊዜ ነው እኛ መኖራችንን ያወቀው። ደንገጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቀን። ልማድ ሆኖበት የትም ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያው ምን ያህል ክብደት እንደሚችል መሆኑን ነገረን።

አክስቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ይሄ ሌባ ነው ማለቷ ነው።

የፈለገው ረጅም ጨርቅ ነበር። ለስላሳ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ግን በቀላሉ የማይቀደድ፣ መሃሉ ላይ ያልተቀጠለ። ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሁን አለ። ለምን እንደሚፈልገው አልተናገረም። አክስቴም የአዳራሽ መጋረጃ ነው ብላ ደመደመችና አዘዘችለት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር። የሠርጋችንን ቀን ቆርጠን ከጨረስን በኋላ እጮኛዬ ቀስ በቀስ ቀዝቅዞ፣ ቀዝቅዞ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ቀረ። ሌላ ሴት ብትሆን ፎቶውን ትቀድ ነበር። እኔ ግን በገዛ እጄ የሰፋሁትን የሙሽራ ልብስ ፈትቼ ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ ገበር አደረግኩት። ደንበኛዋ በጣም ወደደችው። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ደፍቼ መስፋት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ስለዚህ ያ ወይን ጠጅ ጨርቅ ሲመጣ ሐዘኔን ሁሉ ሰፋሁበት። ሁለቱንም ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በደቃቅ ስፌት ቀመቀምኩት።

ሰውዬው በቀጠሮው ሳይመጣ ሲቀር አክስቴ ጨርቁን አሸክማ ላከችኝ። አድራሻው የድሮ መጋዘን ነው። የብረቱን በር ገፋ አድርጌ ስገባ ሴቶች ከጣሪያ በወረደ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥለው አገኘሁ። አንዷ በእግሯ ጨርቁን ተብትባ ቁልቁል ተዘቅዝቃለች። እዚያው እንደተዘቀዘቀች ፈገግ ብላ ጫማዬን እንዳወልቅ ነገረችኝ። እኔን ግን ያማረኝ መሸሽ ነበር።

ሰውዬው ከመሰላል ወረደ። እዚያ ያሉት ሁሉ «ጣሪያ» ነው የሚሉት፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው ልጥራው። ጨርቁን ተቀብሎ ጫፉን በጣቶቹ ዳሰሰ። ፊቱ ቅይር አለ።

«ማነው የቀመቀመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

«ለምን?»

«ጨርቅ ሳይቀመቀም ይሰቀላል እንዴ? ይተረተራላ።»

መሰላሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት አስረዳኝ። ሰው ጨርቁን ተጠቅልሎ ወደ ታች ሲንሸራተት ያ ቆንጆ ስፌቴ ቆዳውን እንደ እሳት ይልጠዋል። እኔ አፈርኩ፤ ካፈርኩ ደግሞ እናደዳለሁ።

«ሰው እንደሚንጠለጠልበት ለምን አልነገሩንም ታዲያ?»

«ብነግራችሁ ኖሮ ታዙልኝ ነበር?»

አክስቴ እንደማታዝለት አውቃለሁ። ጠርዙን ቆርጠን እንጣለው ስለው ወርዱ ይጠባል አለ። እንግዲያው የሰፋሁትን እኔው እፈታዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ስወጣ፣ ምላጭ ይዤ ወደ መጋዘኑ እሄድ ነበር። ከጨርቆቹ ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስፌቴን አንድ በአንድ እየበጠስኩ፣ መሃል መሃል ላይ ቀና እል ነበር። ከዚያ በፊት ለስንት ጊዜ ቀና ሳልል እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ።

የሚሠሩት የአየር ላይ ጂምናስቲክ ይባላል። በጨርቁ ላይ ይወጣሉ፣ ራሳቸውን ይጠቀልላሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቅሉን ለቀው ወደ ታች ይወረወራሉ። መሬት ሊደርሱ ሲሉ ጨርቁ ይይዛቸዋል። መጀመሪያ ላይ እጄን ዓይኔ ላይ አድርጌ ነበር የማየው። በኋላ በጣቶቼ መሃል። በመጨረሻ ምላጩን ረስቼ አፌን ከፍቼ።

ቤቱ አንድ የማይታጠፍ ደንብ ነበረው። ጨርቁን የሰቀለው ሰው ራሱ መጀመሪያ ይንጠለጠልበታል። ጣሪያ ከሥልጠናው በፊት መሰላሉን ወጥቶ ጨርቁን ከብረቱ ቀለበት ጋር ያስራል፤ ይወርድና በሁለት እጁ ጨብጦ ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል፤ ይወዘወዛል፤ ይነቀንቀዋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ሌላ ሰው የሚነካው። ይህን ሲያደርግ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ለሌላው ብሎ ቀድሞ የሚንጠለጠል ወንድ አይቼ አላውቅም።

ስፌቱን ፈትቼ የጨረስኩ ዕለት ያንኑ ጨርቅ ዝቅ አድርጎ ሰቀለውና ተንጠለጠለበት። ከዚያ «አንቺ የለፋሽበት ስለሆነ አንቺ ጀምሪው» አለኝ። እኔን ነው? አልኩ በልቤ። ሱሪ አልብሰው ወደ ጨርቁ ገፉኝ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። እንደ ጆንያ ነበር የምወድቀው። ከጉልበቴ ጀርባ፣ ክንዴ፣ ወገቤ በልዞ ነበር። አክስቴ ልብስ ስቀይር አይታኝ ማን እንደደበደበኝ ጠየቀች፤ ብነግራት አላመነችም። መቀሷን ይዛ ወደ መጋዘኑ ስትገሰግስ ከኋላዋ ሮጥኩ። በሩን በርግዳ ገባች፤ ሴቶቹን አየች፤ ጣሪያን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ «መጋረጃ እንድትሰቅይ እንጂ ራስሽን እንድትሰቅይ አላሳደግኩሽም» አለችኝ።

ግን አልሄደችም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሥልጠናው እስኪያልቅ ጠበቀችኝ። በማግሥቱ ደግሞ ብቻዬን እንዳልሄድ በሚል ሰበብ መጣች። ጣሪያ ሁሌም ሻይ ያቀርብላት ነበር።

አንድ ቀን ጨርቁ ላይ ወጥቼ ተጠቅልዬ፣ መለቀቅ ብቻ ቀረኝ። ታች ያለው ሰው የጨርቁን ጫፍ ወጥሮ ይይዛል፤ የምትወርደዋ ፍጥነቷ ከበዛ ስቦ ይገታታል። የኔን ጫፍ የያዘው እሱ ነው። እጄ አልላቀቅ አለኝ።

«አልችልም» አልኩት።

«እኔ ታች ነኝ» አለኝ።

ለቀቅኩ። ዓለሙ ተሽከረከረና ፊቱ ፊት ለፊት ተንጠልጥዬ ቆምኩ። አለቀስኩ። ያ እጮኛዬ ከሄደ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያው ተዘቅዝቄ አለቀስኩት፤ እንባዬ ወደ ግንባሬ ይፈስ ነበር። እሱም ምን ሆንሽ ሳይለኝ ጫፉን እንደያዘ ቆመ። እኔ እሱን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ሆነ። ቤቴ ድረስ መሸኘት ጀመረ። እርስዎ ማለት ቀረና አንተ ሆነ። ልጅ ሳለ ከሰርከስ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር እንዳደገ፣ አንድ ታላቅ እህት ብቻ እንዳለችው ነገረኝ። አንድ ምሽት መንገድ ላይ እየሳቀ ሌላም ነገር ተናዘዘ።

«ጠርዙን መቁረጥ ይቻል ነበር እኮ።»

«ወርዱ ይጠባል አላልክም?»

«ይጠባል። ግን ምንም አይሆንም። እንድትመጪ ፈልጌ ነው።»

በቦርሳዬ መታሁት። ደስታዬን ግን መደበቅ አልቻልኩም። የመጀመሪያው መደበቁ ይህ ነበር፤ እኔም እንደ ፍቅር ቆጠርኩት።

ዓመቱ ሲገባደድ አንድ ጠዋት ጨርቁን ሰቅሎ ከመሰላሉ ወረደ። እንደ ሁልጊዜው አልተንጠለጠለም። ሰልጣኞቹን ሁሉ ሰብስቦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀድማ የምትንጠለጠለው እሷ ናት፣ አሠልጣኛችሁ ናት አላቸው። አጨበጨቡልኝ። እኔ እግሬ መሬት አልነካም። ያንን ደንብ፣ ያንን ክብር ለእኔ ሰጠ። በሳምንቱ ደግሞ እንድንጋባ ጠየቀኝ። አክስቴ ምንም ሳትል ነጭ ጨርቅ አወጣች። ሁለተኛ አልሰፋም ያልኩትን ልብስ መስፋት ጀመርኩ።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ጣሪያ ተለወጠ። ስንሄድ እጄን አይዝም። ላቅፈው ስል ዘወር ይላል። ሻይ አብረን ስንጠጣ የሱ ኩባያ ሲነሳ አላይም፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ይቀራል። ሰልጣኞቹን የሚያስተካክለው በአፉ ብቻ ሆነ፤ ሲጠይቁት ደግሞ ይቆጣል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ደክሞኝ ነው ይለኛል። የፊተኛውም ሰው እንዲህ ነበር የጀመረው። ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ አድር ነበር። ይህንንም ልብስ ልፈታው ነው ማለት ነው? እያልኩ።

አክስቴን ሳማክራት ወንድ ልጅ ሠርግ ሲደርስ ይፈራል፣ ተይው አለች። እሷ ራሷ ግን ልብሱን የምትለካኝ ዓይኔን ሳታይ ነበር።

ከሰልጣኞቻችን አንዷ ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን ተዘቅዝቃ የሳቀችልኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍ ያለውን መለቀቅ ልትሠራ ተዘጋጀች። ጥቅሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከመውጣቷ በፊትም እኔው አየሁላት። ከዚያ ወደ ጀማሪዎቹ ሄድኩ። ጫፉን ታች የያዘው እሱ ነበር። «ልቀቂ» ሲል ሰማሁ። ወዲያው ጩኸት።

ስዞር ነርሷ ፍራሹ ዳር ላይ ወድቃለች፤ የእጇ አንጓ ተጣሟል። የጨርቁ ጫፍ ለብቻው ይወዛወዛል። ሁላችንም ወደ እሷ ሮጥን። እሱ ግን ካለበት ሳይነቃነቅ የራሱን መዳፍ ያይ ነበር።

ነርሷን ወደ ሐኪም ቤት ከወሰዷት በኋላ አንዷ ጥቅሉን ማን እንዳየላት ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኩ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ጥቅሉ ላልቶ ይሆናል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው፤ አምኜበትም ነበር። ወደ ጣሪያ ዞር አልኩ። አጠገቤ ነበረ፤ ሰምቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቤቴ ገብቼ ሁለተኛ ሰው አላሠለጥንም ብዬ ማልኩ። የሰውን አካል የሚሰብር እጅ መጋረጃ ይስፋ አልኩ። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ ነርሷ ቤት ሄድኩ። እጇ በጀሶ ታስሯል። ማልቀስ ስጀምር አስቆመችኝ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ጥቅልሽ ትክክል ነበር። ወገቤ ላይ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ይዞኛል። ያልያዘኝ ታች ያለው ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የበሩን ቁልፍ በየትኛው እጁ እንደሚከፍት አይተሽ ታውቂያለሽ? ድሮ በቀኙ ነበር። እኔ የታመመ ሰው ሳይ ነው የምውለው። አንቺ ደግሞ ስለምትወጂው አታዪውም።»

ወደ ቤት ስመለስ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተገጣጠመልኝ። እጄን የማይዘው፣ ኩባያውን የማያነሳው፣ አሠልጣኝ ያደረገኝ ያ ጠዋት። ቀድማ የምትንጠለጠለው እሷ ናት ያለው መንጠልጠል ስላቃተው ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው እየገፋኝ ያልፋል።

በነጋታው ሰልጣኝ ሳይመጣ ገባሁ። መሰላሉን ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። ወይን ጠጁ ጨርቅ ካለፈው ቀን ጀምሮ እንደተሰቀለ ነበር።

«ተንጠልጠል» አልኩት።

«ምን?»

«የራስህ ደንብ ነው። ተንጠልጠል።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ጨርቁን በሁለት እጁ ጨበጠና እግሩን ከመሬት አነሳ። ቀኝ እጁ ወዲያው ተከፈተ። በግራው ብቻ ትንሽ ተወዛውዞ ወረደ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ሐኪሞች አንገቱ ላይ ነርቭ ተጭኗል፣ እጁን የሚያደክመው እሱ ነው ብለውታል፤ ካወቀ ወራት ሆኖታል።

«ከትናንት ወዲያ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር» አለኝ። «አልወጣልኝም። ከዚህ ጨርቅ ሌላ ምን አለኝ? እጄ አይይዝም ካልኩ በኋላ እኔ ማነኝ?»

«እኔስ? እኔ ማነኝ? አሠልጣኝ ነኝ ወይስ እጅህ ነኝ?»

ቢዋሸኝ ደስ ባለኝ።

«መጀመሪያ... እጄ ነበርሽ» አለ። «በኋላ ግን ከኔ የተሻልሽ ሆንሽ። ይህንንም አልነገርኩሽም።»

ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ። ጩኸት አልነበረም። በዚህ ቤት ሁለተኛ ጨርቅ እንዳይሰቅል፣ የማንንም ጫፍ እንዳይዝ ነገርኩት። ቤቱ የሱ መሆኑን አስታወሰኝ።

«ቤቱ ያንተ ነው» አልኩት። «ሰዎቹ ግን አደራ ናቸው።»

የበሩን ቁልፍ መሰላሉ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። እኔ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። የተናገረችው አሠልጣኟ ትሁን ወይስ የተከዳችው ሴት፣ ዛሬም ድረስ በደንብ አልለይም።

የዚያኑ ዕለት ነርሷ ቤት ሄዶ ጥፋቱ የሱ መሆኑን ነግሯታል። ለሰልጣኞቹም ለእያንዳንዳቸው እየደወለ ተናገረ። ለእኔ ግን አልደወለም። እህቱ ወዳለችበት ከተማ ለሕክምና መሄዱን የሰማሁት ከነርሷ ነው።

መጋዘኑን ብቻዬን ከፈትኩት። መሰላሉን እስከ ጫፍ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ ደረጃውን አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ወጣሁ። ጨርቁን ከቀለበቱ ጋር አሠርኩ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አሠርኩ። ወረድኩና ተንጠለጠልኩበት። ያን ቀን ማንም አልመጣም። በማግሥቱም እንደዚያው። አክስቴ ብቻ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነጭ ጨርቅ ትሰፋለች። ሦስተኛው ቀን ላይ በሩ ተከፈተና ነርሷ ከነጀሶዋ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። መሥራት ባልችልም ማየት እችላለሁ አለች። ሌሎቹም እሷን አይተው ተመለሱ።

አሠልጣኝ የሆንኩት እንግዲህ ያን ጊዜ ነው እላለሁ። አንዷ ጀማሪ ከላይ ሆና እጇ አልላቀቅ ሲላት ቀና ብዬ «እኔ ታች ነኝ» አልኳት። እሱ ይህንን ቃል በማይጨብጥ እጅ ስንት ጊዜ እንደተናገረው አሰብኩና ተናደድኩ። ደግሞ ለብቻው ሆኖ ምን ያህል እንደፈራ አሰብኩና አዘንኩለት። ጫፉን ግን አጥብቄ ያዝኩ።

ሌሎችን አስለቅቃለሁ፤ ራሴ ግን አንድም ቀን አልተለቀቅኩም። ወጥቼ እጠቀለላለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ፈትቼ እወርዳለሁ። የኔን ጫፍ እንዲይዝ የማምነው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እህቱ ደወለች። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ሕመሙ ለቆታል። እጁ ማንኪያ ይይዛል፣ ኩባያ ያነሳል። ክብደት ግን ከእንግዲህ አይችልም፤ ይህ እንደማይመለስ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። ስለኔ ይጠይቅ እንደሆነ መጠየቅ ከበደኝ። እሷው ገባትና «ልደውልላት ይልና ስልኩን መልሶ ያስቀምጣል» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መጋረጃ ውስጥ ተሸሽጌ አለቀስኩ። የተጀመረውን ነጭ ልብስ ልፈታው ምላጭ ሳነሳ አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። ይህንንም ከፈታሽ እኔና አንቺ እንጣላለን አለችኝ።

የነርሷ ጀሶ ከተፈታ፣ እጇም ከጠነከረ በኋላ ያንኑ የወደቀችበትን መለቀቅ ካልሠራሁ አለች። ብዙ ተከራከርኩ፤ አልሰማ አለች። ጥቅሏን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ወጣች። ጫፉን በሁለት እጄ ወጥሬ ቆምኩ። ልክ ያን ጊዜ ከኋላዬ የብረቱ በር ተከፈተ። ሴቶቹ ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ማን እንደገባ ከጸጥታው አወቅኩ። መዞር ግን አልችልም፤ ዓይኔ ወደ ላይ፣ እሷ ላይ ነው።

«እኔ ታች ነኝ» አልኳት። «ልቀቂ።»

ለቀቀች። ጨርቁ በእጄ ላይ ሮጠ፤ ሳብኩት፤ ፊት ለፊቴ ተንጠልጥላ ቆመችና ሳቀች። ከጥቅሉ አውጥቼ ፍራሹ ላይ አቆምኳት። ከዚያ ዞርኩ።

በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል። የሚያየኝ እኔን ነው።

«ጣሪያውን አላየህም» አልኩት። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ የወጣልኝ ቃል ይህ ነው።

«ማነው የሰቀለው?»

«እኔ።»

«ተንጠልጥለሽበታል?»

«ተንጠልጥያለሁ።»

«እንግዲያው ምን አያለሁ?» አለ።

ወዲያው ሮጬ አልተጠመጠምኩበትም፤ ቂሜ እንደዚያ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ጫማውን አውልቆ እንዲገባ ነገርኩት። መሃል ላይ ቆሞ ቀኝ እጁን ለሁሉም አሳየ። ይህ እጅ አይይዝም፣ ከእንግዲህም አይይዝም አላቸው። ደብቄያችሁ ነበር፣ ሰውም አስጎዳሁ አለ። ነርሷ እጁን ተቀብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ እያደረገች መረመረችው። ከዚያ «ለሻይ ይበቃል» ስትል ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ እያየ ነበር። ለቤቱ እንዳልመጣ፣ እዚህ የሚሠራው ሥራ ካለ እንደሚሠራ፣ ከሌለም ቁልፉን እንደማይጠይቅ ተናገረ። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ የሌላውን ስህተት ከሩቅ ያያል። አግዳሚው ላይ አክስቴ ጎን ተቀምጦ በአፉ እንዲያርም ፈቀድኩለት። አክስቴም ሻይ ቀድታ ሰጠችው፤ በቀኙ አነሳው። ኩባያው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልወደቀም።

ብዙ ሳምንታት አስጠበቅኩት። ከዚያ አንድ ምሽት መንገድ ላይ በግራው ሊይዘኝ ሲል ወደ ቀኙ ዞርኩና የደከመውን እጁን ያዝኩት። በጣም ላላ ብሎ ነበር የያዘኝ። ይቅር ማለቴ ይህ ነበር። እሱም እስከ ቤቴ ድረስ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ እያለቀሰ ሸኘኝ።

ነጩን ልብስ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ጠርዙን ስቀመቅም ጣሪያ በጣቱ ዳስሶ «ይህስ ይቀመቀማል?» አለኝ። ይህ ይቀመቀማል፣ ማንም አይንጠለጠልበትም አልኩት። አክስቴ ከት ብላ ሳቀች።

ከሠርጋችን በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ወይን ጠጁን ጨርቅ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፤ ተንጠለጠልኩበት። ከዚያ ወጣሁ። ጥቅሌን ጠቀለልኩ። ጫፉን ነርሷ በሁለት እጇ ወጥራ ይዛለች። እሱ ከጎኗ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እጄ እንደ ድሮው አልላቀቅ አለኝ።

«ቃሉን በለው» አልኩት ከላይ።

የምለው ገብቶታል። ራሱን ነቀነቀ።

«አልይዝሽም እኮ።»

«አውቃለሁ። ብቻ በለው።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ታች ነኝ።»

ለቀቅኩ።